ክፉ አያሰማን፦ ላለማወቅ ስንመርጥ

ሽማግሌ ሲመርቅ «ክፉ አያሰማችሁ» ይላል፤ እኛም «አሜን» እንላለን። ምርቃቱ የሚለምነው ክፉው ነገር ከነጭራሹ እንዳይደርስ ነው። አንዳንዴ ግን ክፉው ነገር ደርሶ ቤታችን ከገባ በኋላ እንኳ ወሬውን ብቻ ላለመስማት ጆሯችንን እንይዛለን። ማታ ማታ እግሩን የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው ወጣት ጤና ጣቢያው ቅርቡ ሆኖ ሳለ አይሄድም። «ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?» ብሎ ይተወዋል፤ በመተውም ለጊዜው ልቡ ያርፋል። የዛሬው ጉዳያችን ይህ ዕረፍት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚከፍልለት፣ መቼ ተገቢ እንደሆነና መቼ እንዳልሆነ እንመረምራለን።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንኖርበት የአዊ ምድር የቀድሞ እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ከዚያ ዓለት ተፈርፍሮ፣ በብዙ ዝናብ ታጥቦ የተገኘው ቀይ አፈር እህል ያበቅልልናል። ይኸው አፈር ግን ለዓመታት በባዶ እግር ለሚረግጡት አንዳንድ ሰዎች የዝሆኔ በሽታ መነሻ ነው። በሳይንሱ ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በትንኝ የሚተላለፈውና በቆላ የሚታየው ሌላው ዓይነት ዝሆኔ ትል ያመጣዋል፤ ይሄኛው የደጋና የወይና ደጋው ዝሆኔ ግን ትልም ትንኝም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ የአፈር ማዕድን ብናኝ አግኝቶ ነገሩን ከአፈሩ ጋር አያያዘው። ደቃቁ ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያስቆጣል፣ ቀስ በቀስም ይዘጋቸዋል፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግሩን ያሳብጠዋል። ያንኑ አፈር የረገጠ ሁሉ ግን አይታመምም። በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠ ሰው አለ፤ ይህም ተጋላጭነት በቤተሰብ ይወረሳል። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሆነ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተደረገው ዳሰሳ በሽታው በ345 ወረዳዎች የተገኘ ሲሆን፣ የሕመምተኞቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእግር እብጠት ሕክምናን ከመደበኛው የጤና አገልግሎት ጋር የማዋሐድ ሙከራቸውን ለማካሄድ የመረጡትም ይህንኑ የአዊን ዞን ነው፤ የጀመሩትም በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ነው።

የዚህ በሽታ ክፋቱ የሚብሰው በአመጣጡ ነው። ሲጀምር እግር ያሳክካል፤ ማታ ማታ መርገጫው ያቃጥላል፤ የእግሩ ፊት ሰፋ ይላል፤ ከሥራ ሲመለሱ ያበጠው ሌሊቱን አድሮ ይጎድላል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ሰው ስለ ትዳር በሚያስብበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ እግርን በሳሙና አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ እብጠቱን ሊመልሰው ይችላል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ቆዳው ይጠነክራል፣ ጉጥ ያወጣል፤ ያኔ ሕክምናው ሥቃይን ያቀላል እንጂ የቀድሞውን እግር አይመልስም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሽታውን መመለስ የሚቻልበትና «ምንም አልሆንኩም» ማለት የሚቻልበት ጊዜ አንድ ነው። እብጠቱ ገሃድ ወጥቶ መካድ ሲያቅተን፣ ዕድሉም አብሮ አልፏል። ስለዚህ ላለማወቅ የመረጠ ሰው ዕረፍቱን ያገኘው ከሚድንባቸው ቀናት ላይ ቆርሶ ነው። ዕረፍቱ ሐሰት ነው አላልኩም። ዛሬ ማታ የሚተኛው እንቅልፍ እውነተኛ እንቅልፍ ነው፤ ጭንቀት የሌለበት ሳምንት ለማንም ሰው ትልቅ ነገር ነው። ይህን የማይቀበል ምክር ሰሚ አያገኝም፤ የጤና ትምህርቶቻችን ከሚወድቁባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ይመስለኛል። ፍርሃቱን እንደ ስንፍና ቆጥረን እንገሥጸዋለን።

ፍርሃቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ነው? ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 በማላዊ ገጠር ከተደረገ ሙከራ ብዙ እንማራለን። ርብቃ ቶርንተን የተባለች የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ባካሄደችው ጥናት የገጠር ነዋሪዎች በየቤታቸው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ አደረጉ። ውጤቱ ከወራት በኋላ በአቅራቢያቸው በተተከለ ድንኳን ይጠብቃቸው ነበር። ናሙናው ተሰጥቷል፤ የቀረው ሄዶ መስማት ብቻ ነበር። ምንም ማበረታቻ ካልተሰጣቸው ሰዎች መካከል ሄደው ውጤታቸውን የሰሙት 34 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ብቻ ስንሰማ «ሰው እውነትን አይፈልግም» ብለን ልንደመድም እንችላለን። ነገር ግን ለሌሎቹ ውጤታቸውን ሲሰሙ የሚመነዘር ትንሽ ኩፖን ተሰጥቷቸው ነበር፤ ትንሹ ኩፖን የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ አሥረኛውን ያህል ቢሆን ነው። ያችው ጥቂት ሳንቲም ውጤቱን ሊሰሙ የሚሄዱትን ሰዎች በእጥፍ አሳደገቻቸው። ድንኳኑ ለቤታቸው ቅርብ የሆነላቸውም ከራቀባቸው ይልቅ ሄደዋል። በእውነት ከሞት ፍርድ የሚሸሽ ሰው በሳንቲም አይመለስም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ያ ገንዘብ ያደረገው አንድ ነገር ለሰዎቹ ምክንያት መስጠት ነው። ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲል «ኩፖኔን ልመነዝር» ይባላል። የከበዳቸው ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ መታየቱም ጭምር ነበር።

የዛሬው ዝግጅታችን የሚቆምበት ነጥብ ይህ ነው። ሰው ከአስደንጋጭ እውነት ሲሸሽ ከእውነቱ ይልቅ እውነቱን ያወቀ ሰው የሚደርስበትን ይፈራል፤ ያንን ዋጋ የሚተምኑትም በዙሪያው ያሉ ሰዎች ናቸው። በዝሆኔ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። እግሩ ያበጠ ሰው በድግስ ጥግ ይይዛል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሰደባለች፤ የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ ለሽማግሌው «በዘራቸው አለ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምክንያት አይጠይቅም። ርግማን ነው የሚል አለ፣ ይጋባል የሚል አለ። ሐኪሞችና ነርሶች እንኳ ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ በወላይታ በጤና ባለሙያዎች መካከል በተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ እንደሆነ ያምኑ ነበር። እንግዲህ ያ ወጣት ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷ ወንበሯን ከእሱ ብታርቅ ምን አተረፈ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው፤ እውነት ነው። ግን የገለጠውንም ሰው እንዲህ ከተቀበልነው መደበቁ ከዕብደት አይቆጠርም። ዋጋውን አይቶ የወሰነው ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ማስለወጥ የሚሻ ሁሉ መጀመሪያ ዋጋውን ይቀንስ።

ዋጋው ሊቀንስ እንደሚችል አገራችን በዓይኗ አይታለች። በኢትዮጵያ ኤች.አይ.ቪ. መኖሩ በምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1978 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ገደማ ለአብዛኛው ሰው መመርመር ማለት የሞቱን ቀጠሮ መስማት ነበር፤ መድኃኒት የለም፣ ያለውም ውድ ነው፤ ቤት አከራይ ያስወጣል፣ ወዳጅ ይርቃል። በዚያን ጊዜ «አልመረመርም» ያለውን ሰው ለመውቀስ እኔ አልደፍርም። በ1997 ዓ.ም የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን ሒሳቡ ተለወጠ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲቀንስ ደግሞ በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ሒሳቡ ተለውጦም የቀድሞው ልማድ በብዙ ሰው ዘንድ ቀርቷል፤ ስለ መድኃኒቱ እያወቁ ፍርሃታቸው ግን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ላይ የቆመ ሰዎች አሉ። ፍርሃት ምክንያቱ ከሞተ በኋላ ብዙ ዓመት ብቻውን ሊኖር ይችላል፤ ዝሆኔም ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። «የራሴ አካል ነው፤ ስለ ራሴ ላለማወቅ መብት የለኝም ወይ?» የሚል። አለ፤ መብቱ እውነተኛ ነው። የሃንቲንግተን በሽታን እንውሰድ። አንጎልን እያደር የሚያጠፋ፣ እስካሁን ፈውስ የሌለው፣ ከወላጅ የሚወረስ በሽታ ነው፤ ወላጁ የታመመ ልጅ ከሁለት አንድ የመያዝ ዕድል አለው። አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ናንሲ ዌክስለር እናቷ በዚህ በሽታ ሞታባታለች፤ በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር ባሉ መንደሮች ለዓመታት ስትመራመር ቆይታ፣ የበሽታው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲገኝ ካበቁት ሰዎች አንዷ ሆነች። በእሷ ምርምር የተነሣ ምርመራው ለዓለም ሲቀርብ እሷ ስለ ራሷ ሁኔታ ብዙ ዓመት ዝም አለች፤ በሽታው እንዳለባት በይፋ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለዚህ በሽታ ከተጋለጡት ሰዎች ውስጥ በብዙ አገር ከ5 አንዱ እንኳ አይመረመርም። እነዚህን ሰዎች ፈሪ የሚላቸው ካለ ተሳስቷል። ማወቁ ሕይወታቸውን አያስረዝምም፣ ሕመማቸውን አያቀልም፤ በቀሩት ጤነኛ ዓመታት ላይ ጥላ ማጥላቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ «እወቅ» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ያወቀው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ? ባለማወቁ የሚጎዳውስ እሱ ብቻ ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «የለም»፣ ለሁለተኛው «አዎ» ከሆነ፣ ሰውዬውን ከነዝምታው እንተወው። በዝሆኔም በኤች.አይ.ቪ.ም በደም ግፊትም መልሱ የዚህ ተቃራኒ ነው።

በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ይከብደኛል፤ ባለማወቅ የተገኘ ዕረፍት ብዙውን ጊዜ ዕዳው ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ነውና። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለባት ነፍሰ ጡር ምንም ክትትል ካላገኘች ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ መድኃኒት ስትወስድ ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ሳትመረመር በመቅረቷ ያገኘችው እፎይታ የእሷ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ገና ያልተወለደው ልጅ ነው። እግሩ ያበጠ አባት «ዝናብ ሲመታኝ የመጣ ነው» ብሎ ነገሩን ሲዘጋው፣ ልጆቹ ከሌላው ልጅ ይልቅ ጫማ እንደሚያስፈልጋቸው የሚነግራቸው አያገኙም። ከቤት ወጥተን ወደ አገር ብንሄድም ያው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ ቤተ መንግሥቱም ባለሥልጣናቱም ወሬው እንዳይሰማ ይመርጡ ነበር። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ሲሆን፣ ንጉሡ በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በአዲስ አበባ የነበረው ጸጥታ ዋጋው የተከፈለው በኮረምና በወልድያ መንገድ ዳር ነበር። ባለማወቅ የሚያርፈው ሰውና በዚያ አለማወቅ የሚጎዳው ሰው ሲለያዩ፣ የአንዱ መብት የሌላው በደል መሆን ይጀምራል።

ሌላው መቃወሚያ ከባህላችን ይነሣል። «እኛ ክፉ ነገርን በግልጽ የምንናገር ሕዝብ አይደለንም፤ ለታመመ ሰው በሽታውን አንነግረውም፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። መርዶን አስቡ እስቲ። የሰው ሞት ሲመጣ ወዲያው በስልክ አንናገርም። ዘመድ ይጠራራል፣ ጎረቤት ይመከራል፤ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዝ ክንድ፣ ውኃ የሚያቀብል እጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንኳ እናቱ የሞተችበትን ሰው ለማርዳት ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ መኪና ሞልተው ቤቱ ይሄዳሉ። ይህ ባህል እውነቱን አይሰርዝም። እውነቱ ለብቻው እንዳይመጣ ግን ይከለክላል። ከባዱን ነገር መስማት የሚቻለው ተሸካሚ ሲኖር መሆኑን አባቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር። የጤና ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ብጣሽ ወረቀት ሰጥተው «ቀጣይ!» ይላሉ። ስለዚህ ባህላችን ለመደበቅ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንዴት መነገር እንዳለበት ግን ያስተምራል፤ ለምርመራ የሚሄድ ሰው የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ ይሂድ፣ የሚነግረውም ባለሙያ በቂ ጊዜ ይስጠው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መቃወሚያ ግን ሌላ ነው። ዝሆኔ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለው ብለን በሬዲዮ ስናስተምር «በዘራቸው አለ» ለሚለው አማች ማስረጃ አቀበልነው ማለት አይደለም ወይ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ግማሹ ብቻ ተነግሮ ከቀረ ጉዳት ያደርሳል። ሙሉው ግን እንዲህ ነው፦ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከቀይ አፈር የተጠበቀ ልጅ፣ ከየትኛውም ቤተሰብ ይወለድ፣ በዚህ በሽታ አይታመምም። «ዘር» የሚለው ሐሜት የቤቱን ሰው ሁሉ ለዘላለም ይኮንናል፤ ሙሉው እውነት ደግሞ ነገሩን ወደ ጫማና ወደ ሳሙና ያወርደዋል። አማቾች ዝምታችንን አልጠበቁም፤ ፍርዳቸውን ድሮ ሰጥተዋል። ባለማወቃችን የተጠቀመው ሐሜተኛው ነው፤ ልጂቱን ለልጁ ሊያጭ የነበረው ቤተሰብ «ልጆቻቸው ጫማ ያደርጋሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሲችል፣ ሽማግሌ መላኩን አቋርጧል።

«ድህነት ነው እንጂ ምርጫ አይደለም» የሚሉም አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው። ለአራት ልጆች ሽፍን ጫማ መግዛት ለብዙ ቤት ከባድ ነው፤ ላስቲክ ጫማም ክፍት ከሆነ አፈሩን አያስቀርም። ጫማ የሚሰጥ፣ ውኃ የሚያቀርብ መንግሥትና ድርጅት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሳሙናና ውኃ ያለው ቤት ውስጥም እግሩን ደብቆ የሚኖር ሰው አለ፤ እሱን የያዘው ገንዘብ አይደለም።

እንግዲህ በቤታችሁ የእግር እብጠት ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ማታ ማታ እግራችሁን የሚያሳክካችሁና የሚያቃጥላችሁ ከሆነ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። እስከዚያው እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማዘውተር ይገባል። በምሥራቅ ጎጃም 700 ገደማ ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ፣ ይህን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየጣለ ከሥራ የሚያስቀራቸው ግርሻ ካላገኙት ይልቅ ከ5 አንድ እጅ ገደማ ቀንሶላቸዋል፤ ስለዚህ በሽታው ለቆየባቸውም ተስፋ አለ። ልጆቻችሁን ገና እግር ሲተክሉ ጀምሮ ጫማ አልብሷቸው፤ ለእርሻም ለከብት ጥበቃም ሲወጡ አታስወልቋቸው። የዕድርና የሰንበቴ ዳኞች ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስለ ዝሆኔ የሚናገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋብዙ፤ በዚያ ቀን እግሩ ያበጠውን ሰው ከጥግ አንሥታችሁ መካከላችሁ አስቀምጡት።